ተራ በሽታ

«እናኑን የጣላት ኪንታሮት ነው» እያለ ባሏ ዘመድኩን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይቀልዳል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አያልፍም። ቀልዱ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይከነክናትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናኑ ነርስ ናት። በሽተኛ መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ በራሷ ሥልጣን መድኃኒት ለማዘዝ ለሚያበቃት የነርስ ፕራክቲሽነር ፈተና ስትዘጋጅ፣ ከመለማመጃ ጥያቄዎቹ መካከል አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። የወረቀት ሰው ነው፤ ስም የለውም፣ ዕድሜ ብቻ አለው። መቀመጫው አካባቢ ሥጋ መሰል ነገር በቅሎበታል፤ አያመውም፤ ጫፉ የአበባ ጎመን ይመስላል። እናኑ በሆዷ «ኪንታሮት!» አለች። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፣ አትክልት ያብዛ የሚለውን መልስ ነካች። ቀይ ምልክት መጣባት።

እንግሊዝኛው ለሁለቱ በሽታዎች ሁለት ስም አለው። አንዱ ያበጠ የደም ሥር ነው፤ ሌላው በቫይረስ የሚመጣና በግንኙነት የሚተላለፍ ነው። አማርኛ ግን ሁለቱንም፣ ጣት ላይ የሚወጣውን ጭምር፣ በአንድ ስም ጠርቶ ተገላግሏል። በአማርኛ ከሄድን እናኑ ልክ ነበረች። ጥፋቷ ይህንን ለባሏ መንገሯ ነው። ዘመድኩን የካውንቲ አውቶቡስ ይነዳል፤ ወሬንም እንደ ተሳፋሪ በየፌርማታው ያወርዳል።

ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ፤ ወደቀች። ለጥቂት ነው የወደቀችው፤ ለጥቂት መውደቅ ደግሞ በብዙ ከመውደቅ የባሰ ነው። በብዙ የወደቀ ሰው መንገዱ የእሱ እንዳልሆነ ተነግሮት ያርፋል። ለጥቂት የወደቀ ግን እንቅልፍ የለውም።

እናኑ ሃምሳን አልፋለች። አገር ቤት ነርስ ነበረች። ሲያትል መጥታ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሽማግሌ እያነሳች እያስቀመጠች ጀመረች። የነርስነት ፈቃዷን እንደገና ተፈትና አወጣች፤ ከከተማው አጠገብ ቱክዊላ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ገባች፤ ከሥራ በኋላ እየተማረች ማስተርሷን ያዘች። የቀራት ይህ ፈተና ብቻ ነበር። ፈተናው ደግሞ ስለ ትልልቅ በሽታ አይደለም። ጆሮውን ያመመው ልጅ፣ ሽንቷ የሚያቃጥላት ሴት፣ ግፊትና ስኳር፣ ሪህ፣ ጭርት፣ ቃር፤ ማንም ሰው ቤት የሚገባ፣ ማንም ሰው «እሱማ ተራ ነገር ነው» የሚለው በሽታ ነው። ሰው ተራ ሲል የወረደ ማለቱ ነው። ቃሉ ግን ወረፋ ማለትም ነው፤ ከወረፋው ውጭ የሆነ ሰው ደግሞ የለም። ብርቅ የሆነው በሽታ ጥቂቱን ሰው ይመርጣል፤ ተራው ሁላችንንም በየተራ ይጠራናል።

ለፈተናው እንደገና ለመቀመጥ ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልግ ስለነበር አንድ የዝግጅት ኮርስ ገባች። እዚያም የኪንታሮቱን ነገር ሰው ለማሳቅ ብላ ራሷ አነሳችው። አስተማሪዋ አልሳቀችም። «ችግርሽ ይኸው ነው» አለቻት በተማሪው ሁሉ ፊት። «መተርጎም አቁሚ። የእናትሽን ቋንቋ ከበሩ ውጭ ትተሽ ግቢ።»

እናኑ ኦኬ ብላ ተቀመጠች። ቤቷ እስክትደርስ ግን ነገሩ ሲከነክናት ዋለ። ሰው ሕመምን የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ገና አፉን ሳይፈታ ያመዋል፤ አፉን ሲፈታም ከመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ «አመመኝ» ነው። ያንን ቃል ከበር ውጭ ትቶ የሚገባው ማን ነው? ያለ ቃሉ የገባው ሰውነትስ ሲያመው ምን ሊል ነው?

በዚያው ሰሞን የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ዳያን ቢሮዋ ጠራቻት።

«እናኑ፣ ሁላችንም እንወድሻለን» ስትላት እናኑ ወንበሩን አጥብቃ ያዘች። በዚህ አገር አለቃ ፍቅሩን ከገለጸ ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩም ነበረ። ክሊኒኩ የያዘላት የነርስ ፕራክቲሽነር ቦታ እስከ ፈተናዋ ማግስት ድረስ ብቻ ነው የሚጠብቃት፤ ሌላ አመልካች በሩ ላይ ቆሟል። ዳያን ግን «ለአንቺ የተሻለ» ነገር አስባለች፤ የበሽተኞች ጉዳይ አስተባባሪነት። ቢሮ አለው፣ መስኮት አለው፣ መቆም መቀመጥ የለበትም። ስልክ መደወል፣ ቀጠሮ ማያያዝ፣ ለአበሾቹ ማስተርጎም ነው።

«እሱን ከያዝሽ ከፈተናው ጭንቀት ትገላገያለሽ» አለች ዳያን። «ካልፈለግሽው ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ከዚያ ከወደቅሽ ሁለቱም ቀሩ ማለት ነው። እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ አስቢበት።»

ቤት ስትገባ ዘመድኩን የሥራ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ነገረችው። ካውያውን ሳያነሳ «ያዢዋ!» አላት።

«ምኑን?»

«መስኮቱን ነዋ። ሰው መስኮት ሲሰጡት እምቢ ይላል? ወገብሽ እንደሆነ አልቋል። ደግሞ አሁን ዶክተር ብትሆኚ ምን ሊጨመርልሽ ነው?»

«ዶክተር አልሆንም አልኩህ እኮ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትሆኚው? እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«የምትወስን ነርስ።»

«ሳትወስኚ ይኼን ሁሉ ዘመን አልሠራሽም እንዴ?»

«እሱን ነው የምልህ!» አለች። ድምጿ ሳታስበው ከፍ አለ። «እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ዘመድኩን!»

ልጃቸው ቢታንያ ከደረጃው ላይ ሆና «ዳድ፣ ጀስት ሊቭ ኸር አሎን፤ ተዋት!» አለች። ሸሚዙ ማረር ማረር ሸተተ፤ ዘመድኩን እየተራገመ ካውያውን አነሳ፤ ጭቅጭቁም በዚያው ተቋረጠ።

በማግስቱ እናኑ ወደ ታኮማ ነዳች። እዚያ ሰለሞን አለ፤ በዕድሜ ብዙ የምትበልጠው፣ ያስተማረችው ማለት ይቻላል፤ ሥራ ሲጀምር መርፌ አያያዙን ያስተካከለችለት እሷ ናት። አሁን እሱ ነርስ ፕራክቲሽነር ሆኗል። የወደቡን ክሬኖች ቁልቁል የሚያይ ካፌ ውስጥ ተቀመጡ፤ ያጠናችበትን ላፕቶፕ ከፍታ የተሳሳተቻቸውን ጥያቄዎች አሳየችው። ሰለሞን ተራ በተራ አየና አንዱን ነጥሎ አነበበላት፤ ሽንቷን ስትሸና የሚያቃጥላት፣ ትኩሳት የሌላት፣ ጎኗን የማያማት፣ ያላረገዘች ሴት።

«ምን ሆናለች፣ እትዬ?»

«የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነዋ።»

«ምን ትሰጫታለሽ?» መድኃኒቱን ነገረችው። «ለስንት ቀን?» እሱንም ነገረችው። «ሌላ ምርመራ ያስፈልጋታል?»

«ኧረ ለምኗ! ጤነኛ ሴት ናት።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ‹ሐኪም ይማከር› የሚለውን የነካሽው?»

እናኑ ስክሪኑን አየች። በእርግጥም እሷው ናት የነካችው። «እንዲያው… ይሻላል ብዬ ነው።»

«ምኑ ነው የሚሻለው?»

«ሰው ሳይጠየቅ እንዴት ዝም ብዬ…»

ሰለሞን ሲስቅ የያዘው ስኒ ተንቀጠቀጠ። «ሰው ማን ነው? ጥያቄው ውስጥ እኮ አንቺና ሴትዮዋ ብቻ ናችሁ!» ከዚያ ወደ ታች እየወረደ አንድ በአንድ አሳያት። ከግማሽ በላይ ስህተቷ አንድ ዓይነት ነው፤ በሽታውን ታውቀዋለች፣ መድኃኒቱን ታውቀዋለች፣ ከዚያ እዚያ ለሌለ ሐኪም ወንበር ትስብለታለች።

«እትዬ» አላት ሳቁን ጨርሶ፤ «ጋሽ ዘመድኩን ተሳስተዋል። አንቺን ኪንታሮት አይደለም የጣለሽ። ትሕትና ነው።»

ስትመለስ ዝናቡ መንገዱን ጋርዶት ነበር፤ መኪናው ግን በልማድ ሄደላት። ሐሳቧ ከታኮማ በጣም ርቆ ነበር፤ የተማረችበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ። ሐኪሙ ሲገባ ነርሷ ትነሳለች፤ የበሽተኛውን ካርድ በቀኝ እጇ፣ ግራ እጇን ክንዷ ላይ አስደግፋ ትሰጣለች። በሽታውን ግን ከሌሊቱ ጀምሮ የምታውቀው እሷ ናት። አወቅሁ አትልም፤ «ዶክተር፣ የሳንባ ምች ይሆን እንዴ?» ትላለች። እሱ ደረቱን ያዳምጥና «የሳንባ ምች ነው» ይላል። «እውነት ነው ዶክተር» ትላለች። በሽተኛው ይድናል፣ ሐኪሙ ይከበራል፣ ነገሩ ያምራል። ይህ ሙያ ነበር፤ ዕውቀትን የጥያቄ ነጠላ አልብሶ የማቅረብ ሙያ። ሲያትልም ይዛው መጣች፤ በእንግሊዝኛም ሠራላት፤ «ሪህ ይሆን እንዴ?» ስትላቸው ፈረንጆቹም ደስ ብሏቸው ሪህ ነው ይላሉ። ማንንም አልጎዳም ብላ ነበር። የጎዳውን አሁን አየችው። ሰው ዕውቀቱን ሁልጊዜ ጥያቄ ሲያለብሰው፣ አንድ ቀን ልብሱን ቢያወልቁት ውስጡ ሌላ ነገር ይሆንበታል፤ ማወቁን ራሱ ይጠራጠረዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናኑ በሁለት ነገር አመፀች። መጀመሪያ «ሐኪም ይማከር» የሚለውን መልስ ባየች ቁጥር «ለምን?» ብላ ጮክ ብላ መጠየቅ ጀመረች፤ አጥጋቢ ምላሽ ካጣች ጣቷን ትሰበስባለች። ሁለተኛው፣ አማርኛዋን ከበሩ ውጭ አልተወችም። እንዲያውም ይዛው ገባች። ሺፍት ከመግባቷ በፊት ክሊኒኩ አጠገብ ባለ የገበያ ማዕከል ሰፊ ሜዳ ላይ መኪናዋን ፓርክ ታደርጋለች፤ ሊያርፉ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ከጣራዋ በላይ ጎማቸውን ዘርግተው ሲያልፉ፣ እሷ በሽታዎቹን በስማቸው ትጠራለች። ጭርት። ቋቁቻ። እከክ። ማዲያት። ጆሮ ደግፍ። በገላ አንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚወጣው፣ እሳት የሚመስለው ቁስል በመጽሐፉ ደረቅ ስም ነበረው፤ በአማርኛ ግን አልማዝ ባለጭራ ነው። ቁስሉ ተከትሎት የሚሄደውን የነርቭ ሥዕል ሳታይ ጭራውን ብቻ አስባ ታስታውሰዋለች። አማርኛ ሁለቱን ባንድ ያጨቀበት ቦታ ሲመጣ ደግሞ ለይታ ስም ታወጣለች፤ የደም ሥር ኪንታሮት፣ የቫይረስ ኪንታሮት። ቋንቋ የሰጠውን ተቀበለች፤ የነሳውን ራሷ ጨመረችበት።

ደግሞ እንግሊዝኛውም የሚያጭቀው አለው። ይህን ያሳዩዋት እማማ አበዛሽ ናቸው። የዘመድኩን አክስት ናቸው፤ ምድር ቤት ያለችው ክፍል ውስጥ አብረዋቸው ይኖራሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናኑ «ዲዚ ነኝ» ስለሚል በሽተኛ እያነበበች ሳለ፣ እማማ ከሶፋው ተነሱና የወንበር ጀርባ ጨበጥ አድርገው ቆሙ።

«ራስዎን አዞረዎት እንዴ እማማ?»

«ማን አዞረኝ አለሽ? ጭው አለብኝ እንጂ።»

«ያው አይደል?»

«ያው!» አሉ እማማ፣ እንደ ተሰደበ ሰው። «እንዴት ያለ ያው ነው? ሲያዞርሽ እኮ ቤቱ ነው የሚዞር፤ አልጋሽ ላይ ተጋድመሽ እንኳ ይዞራል። ጭው ሲልብሽ ቤቱ እንደ ቆመ ነው፤ አንቺ ነሽ እየራቅሽ የምትሄጂ። ይኼን ሳታውቂ ነው ሲስተር የሚሉሽ?»

«እሺ፣ መንገዳገድስ?»

«እሱ የእግር ነው። ራስን ምን አገባው?»

እናኑ ስክሪኑን አየች፤ እማማን አየች። መጽሐፉ በብዙ ገጽ የዘረዘረው ይኸው ነው፤ ከውስጥ ጆሮ የሚመጣው፣ ሲቆሙ ግፊት በመውረዱ የሚመጣው፣ ከእግርና ከሚዛን የሚመጣው። ስንቷ እናት «ጭው አለብኝ» ስትላት «ዲዚ ናት» ብላ ለሐኪም አስተላልፋለች! ሦስት በር የነበረውን ቤት አንድ በር አድርጋ። የግፊት መለኪያውን አምጥታ እማማን አስተኝታ ለካች፤ አስነስታ ለካች። ሲቆሙ ግፊታቸው ወረደ።

ሰኞ ለእማማ ሐኪም ኮል አደረገች። በአፏ «ይሆን እንዴ?» የሚለው ሲመጣባት ዋጠችውና «ሲቆሙ ግፊታቸው ይወርዳል። የሚያሸናቸው ክኒን በዝቶባቸዋል። ይቀነስላቸው» አለች። በሕይወቷ ለሐኪም በአራት ነጥብ የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሐኪሟ ቁጥሮቹን ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። «ልክ ነሽ፣ እንቀንሰዋለን» አለች። ሰማይ አልተደፋም።

ዓርብ ዳያን ቢሮ ገባች።

«መስኮቱን ለሌላ ሰው ስጪው» አለቻት።

«ምኑን?»

«የአስተባባሪነቱን ሥራ። አልፈልገውም።»

ዳያን መነጽሯን አወለቀች። «እናኑ፣ እውነቱን ልንገርሽ? በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ መውደቅ ከባድ ነው። እያሰብኩልሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አመሰግናለሁ። ግን ከወደቅሁ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ የምወድቅበትን ቀድመሽ አታንጥፊልኝ።»

ይህን በእንግሊዝኛ ስትለው በደንብ አልወጣላትም። ዳያን ግን ፊቷን አይታ ተረድታዋለች። እናኑ ወጥታ መርፌዋን ስትወጋ ዋለች። ማታ ነገሩን ስትነግረው ዘመድኩን ራሱን ያዘ፤ «ሶ፣ አሁን ብትወድቂ ባዶ እጅሽን ነሽ?» አላት። «አዎ» አለችው። እሱም ከዚያ ወዲያ በኪንታሮቱ በሰው ፊት አልቀለደም።

የፈተናው ቀን ኪሷን ፈተሹ፣ መነጽሯን አገላብጠው አዩ፣ የአንገት መስቀሏን ከልብሷ አውጥታ አሳየቻቸው። ተቀመጠች። በሽተኞቹ በየተራ መጡ። አንዱ ሳል፣ አንዷ ማሳከክ፣ አንዱ የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ የቀላበት። «ለምን?» ትላለች በሆዷ፤ ትወስናለች፤ ታልፋለች። መኻል ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ግንባራቸውን ጎንና ጎን ያማቸዋል፣ ሲያኝኩ መንጋጋቸው ይደክማል፣ አንዱ ዓይናቸው ጋረድ አድርጎባቸው ተመልሷል። ከመልሶቹ አንዱ መድኃኒቱን አሁኑኑ ጀምሮ ዛሬውኑ ወደ ስፔሻሊስት መላክ ይላል። እጇ ለአፍታ ቆመ። የድሮው ልማዷ ይሆን የሚስባት? «ለምን?» ብላ ጠየቀች። ካልሆነ ሰውየው ዓይናቸውን ያጣሉ። ይህ መልስ ነበረው። ነካችው። ትሕትናና ፍርድ አንድ ዓይነት ልብስ ሊለብሱ ይችላሉ፤ የሚለያቸው «ለምን» ሲባሉ መመለስ መቻላቸው ነው።

ሲያልቅ የመፈተኛው ቤት ሠራተኛ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። እዚያው ቆማ ከፈተችው። አልፋለች። አላለቀሰችም። ወረቀቱን እንደገና አነበበችው፤ ሦስተኛ ልታነበው ስትል ራሷን ታዝባ አጠፈችው። ዘመድኩን ሲደውል አውቶቡሱን ካፒቶል ሂል ላይ አቁሞ ነበር። «አለፍኩ» ስትለው ስልኩ ውስጥ የአፍንጫ ድምፅ ተሰማት።

«ታለቅሳለህ እንዴ?»

«ኧረ ተይኝ፣ ተሳፋሪ እያየኝ ነው» አላትና ዘጋው።

የስቴቱ ፈቃድ ሲመጣ ዳያን ቢሮዋ ጠራቻት። አቀፈቻት፤ ማቀፏም የእውነት ነበር። አዲሱን ውል አስቀመጠችላትና «አንድ ትንሽ ነገር ብቻ» አለች፣ ከውሉ አንዱን አንቀጽ በጣቷ እያመለከተች። «ለጊዜው፣ መድኃኒት ከማዘዝሽ በፊት እያንዳንዱን በሽተኛ ለዋናው ሐኪም ብትነግሪው። ለወጉ ነው። አንቺ ደግሞ እንደዚያ መሥራት ለምደሻል።»

እናኑ ውሉን አልነካችም። «ያ ሌላው አመልካች ቢቀጠር ኖሮ ይኼን ትጠይቂው ነበር?»

ዳያን ውሉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«የዚህ ስቴት ሕግ አይጠይቀኝም» አለች እናኑ። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ እንግሊዝኛዋ አልተንገዳገደም። «ስጠራጠር እጠይቃለሁ፤ ሳትነግሪኝም እጠይቃለሁ። ሳልጠራጠር ግን ሐኪሙን ደስ ለማሰኘት አልጠይቅም። በሽተኛው ለዚያ ጊዜ የለውም፤ እኔም የለኝም።»

«ለሐኪሙ ምን ልበለው ታዲያ?»

«ሲያስፈልገኝ በሩን አንኳኳለሁ በይው። ሳላንኳኳ ከዋልኩ፣ ሥራዬን እየሠራሁ ነው ማለት ነው።»

ዳያን እስክሪብቶዋን አንስታ ያችን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘቻት።